ሁለተኛው ገመድ፦ ስዊቾች እርስ በርስ የተሳሰሩበት ታሪክ

በዳታ ሴንተር ውስጥ ሁለት ስዊቾችን በአንድ ገመድ ማገናኘት ቀላል ሥራ ሲሆን፣ ነገሩ የሚወሳሰበው ያ ገመድ ቢበጠስ ወይም ከአቅሙ በላይ ቢጫንበት ተብሎ ሁለተኛ ገመድ ሲዘረጋ ነው። ስዊች ማለት ፖርት የሚባሉ ብዙ የገመድ መሰኪያዎች ያሉትና በአንዱ ፖርት የገባውን መረጃ ወደሚገባው ፖርት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ነው፤ ዳታ ሴንተር ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ሰርቨሮች ራክ በሚባሉ የብረት መደርደሪያዎች ላይ ተደርድረው በእነዚህ ስዊቾች አማካይነት የሚነጋገሩበት ሕንፃ ነው። ሁለተኛው ገመድ የመጀመሪያው እስኪበጠስ ድረስ ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ ወይስ ከእሱ እኩል ይሥራ የሚለው ጥያቄ የኮምፒውተር መሐንዲሶችን ለረጅም ዓመታት ያስቸገረ ሲሆን፣ ገመድን የመዘርጋት፣ የማሰርና የመሰየም ሙያም የተለወጠው ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ በተለወጠ ቁጥር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የታሪኩ መነሻ ኮምፒውተር ሳይሆን ስልክ ነው። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል በ1876 ለስልክ የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ በነበረው አጭር ጊዜ፣ መነጋገር የሚፈልጉ ሁለት ወገኖች በመካከላቸው የራሳቸውን ሽቦ ከመዘርጋት ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። በዚህ አሠራር 10 ሰዎች ሁሉም ከሁሉም ጋር እንዲገናኙ 45 ሽቦዎች ሲያስፈልጉ፣ ሰዎቹ 100 በሆኑ ጊዜ የሽቦዎቹ ቁጥር ወደ 4,950 ስለሚያሻቅብ ነገሩ ከጥቂት ቤቶች አልፎ ሊዘልቅ አይችልም ነበር። በጥር 1878 በኮነቲከት ግዛት በኒው ሄቨን ከተማ 21 ደንበኞችን ይዞ ሥራ የጀመረው ስዊችቦርድ መውጫውን አሳየ፤ የእያንዳንዱ ደንበኛ ሽቦ ከአንድ ክፍል ውስጥ ይገባል፣ በክፍሉ ያለው ሠራተኛም የሚነጋገሩትን መስመሮች ብቻ ያገናኛል። ስለዚህ ለ100 ደንበኛ 100 መስመር ይበቃል ማለት ነው።

መስመሮችን ወደ አንድ ማዕከል መሰብሰብ ግን የራሱን ችግር ይዞ መጣ፤ ሁሉም ሽቦ ወደ አንድ ቦታ ስለሚጎርፍ የኒው ዮርክ ሰማይ በሽቦ ተሸፈነ። በመጋቢት 1888 የወረደው ከባድ የበረዶ ውሽንፍር ብዙ ምሰሶዎችንና ሽቦዎችን ጥሎ ከተማዋን ከሌላው ዓለም ከቆረጣት በኋላ ሽቦዎችን በመሬት ውስጥ የመቅበሩ ሥራ ተፋጠነ። ይሁን እንጂ ሽቦዎች ተጠጋግተው ሲሄዱ በአንዱ መስመር የሚተላለፈው ንግግር ወደ ሌላው እየሰረገ ያስቸግራል። ቤል በ1881 የፈጠራ መብት ያገኘበት መፍትሔ የአንድን መስመር ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ መጠምዘዝ ሲሆን፣ ጥምዙ ከውጭ የሚመጣው ረብሻ በሁለቱም ሽቦዎች ላይ እኩል እንዲያርፍና በመድረሻው ላይ እንዲጣፋ ያደርጋል። ዛሬም ሰርቨርን ከስዊች ጋር የሚያገናኘው የተለመደ የመዳብ ገመድ በሆዱ የያዘው አራት እንዲህ ያሉ ጥምዝ ጥንዶችን ነው።

በስልክ ማዕከላቱ ውስጥ የተወለደ ሌላም ነገር ነበር፤ እሱም ዋና ማከፋፈያ የሚባለው የብረት ፍሬም ነው። ከከተማው የሚመጡት ሽቦዎች በፍሬሙ በአንዱ ወገን፣ ከማገናኛ መሣሪያዎቹ የሚመጡት ደግሞ በሌላው ወገን ለዘለቄታው ይታሰራሉ፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል ግን በቀላሉ የሚነቀሉና የሚተከሉ አጫጭር ሽቦዎች ይዘረጋሉ። አንድ ደንበኛ ቤት ሲለውጥ የሚነካው አጭሩ ሽቦ ብቻ ሲሆን ቋሚው እንዳለ ይቀራል። ቋሚውን ከተንቀሳቃሹ የመለየቱ ሐሳብ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተገኙት ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በዛሬው ዳታ ሴንተር ፓች ፓነል የሚባለው የመሰኪያ ሰሌዳ የዚያ ፍሬም የልጅ ልጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ማገናኛው ራሱ አውቶማቲክ ሆነ። አልመን ስትሮውጀር ለአውቶማቲክ ማገናኛው የፈጠራ መብት በ1891 አግኝቶ በቀጣዩ ዓመት በኢንዲያና ግዛት በላ ፖርት ከተማ ማዕከሉ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የስልክ መሐንዲሶች ጥያቄ ስንት የመገናኛ ነጥብ ቢኖር ማንም ደዋይ መስመር ተይዟል ሳይባል ሊገናኝ ይችላል የሚል ሆነ። በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠራ የነበረው ቻርልስ ክሎስ በመጋቢት 1953 ባሳተመው ጥናት ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ከሰባ ዓመት በኋላም በሥራ ላይ ያለ ነው። 10,000 ገቢ መስመሮችን ከ10,000 ወጪ መስመሮች ጋር በአንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ለማገናኘት 100,000,000 የመገናኛ ነጥቦች ያስፈልጋሉ፤ ክሎስ ግን ትልቁ ማገናኛ በሦስት ረድፍ በተደረደሩ ብዙ ትናንሽ ማገናኛዎች ቢተካና በመጀመሪያው ረድፍ ያለው እያንዳንዱ በመካከለኛው ረድፍ ካለው ከእያንዳንዱ ጋር ቢገናኝ፣ ቁጥሩ ወደ 5,970,000 እንደሚወርድና ማንም ደዋይ እንደማይታገድ በስሌት አረጋገጠ። በዚህ አሠራር በሁለት መስመሮች መካከል ያሉት መንገዶች ብዙ ሲሆኑ ሁሉም በሥራ ላይ ናቸው፤ መጠባበቂያ ተብሎ የተኛ መንገድ የለም። የኮምፒውተሩ ዓለም ይህን ውርስ ለመረከብ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጀበት።

በኮምፒውተር ክፍሎች ውስጥ ገመድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበር። በ1946 በፊላደልፊያ ለሕዝብ በቀረበውና ወደ 18,000 የሚጠጉ ቫኪዩም ቱቦዎች በነበሩት ኤኒያክ በተባለው ኮምፒውተር ላይ፣ ስድስት ሴት የሒሳብ ባለሙያዎች አዲስ ስሌት የሚያዘጋጁት ገመዶችን ከአንዱ መሰኪያ ነቅለው ወደ ሌላው በመሰካት ነበር፤ የገመዱ አዘረጋግ ራሱ ፕሮግራሙ ነበር ማለት ነው። በ1960ዎቹ እንደ አይቢኤም 360 ያሉት ትልልቅ ማሽኖች ሲስፋፉ፣ መቆጣጠሪያዎችንና ዲስኮችን የሚያገናኙት ወፋፍራም ገመዶች ከፍ ብሎ በተሠራ ወለል ሥር እንዲሄዱ ተደረገ። በዚያው ባዶ ቦታ ማሽኖቹን የሚያቀዘቅዘው አየርም ይነፋ ስለነበር ገመዱና አየሩ በአንድ መተላለፊያ መጋፋት ጀመሩ።

ዛሬ ስዊቾች የሚሠሩበት ኢተርኔት የተባለ አሠራር የተጠነሰሰው በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በነበረው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ነው። ሮበርት ሜትካፍ ግንቦት 22 ቀን 1973 በጻፈው ማስታወሻ ሐሳቡን ካቀረበ በኋላ ከዴቪድ ቦግስ ጋር ሆኖ በሰከንድ 2.94 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መረብ ሠራ። ሜትካፍ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ደሴቶችን በሬዲዮ ያገናኝ ከነበረው አሎሃኔት ሐሳብ የተዋሰ ሲሆን፣ ማዕከል የሚባል ነገር ሆን ብሎ ተወ፤ ማዕከሉ ከተበላሸ ሁሉም ይበላሻልና። በምትኩ አንድ ኮአክሲያል ገመድ፣ ማለትም የመዳብ እምብርቱ በሌላ የብረት መረብ የተከበበ ገመድ፣ በሕንፃው ውስጥ ተዘርግቶ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ከእሱ ላይ ይጣበቃሉ። መናገር የሚፈልግ መጀመሪያ ገመዱ ጸጥ ማለቱን ያዳምጣል፣ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ከተናገሩና መልእክታቸው ከተጋጨ ደግሞ ሁለቱም አቁመው የተለያየ ጊዜ ጠብቀው እንደገና ይሞክራሉ።

ዲጂታል፣ ኢንቴልና ዜሮክስ የተባሉት ኩባንያዎች በ1980 በጋራ ባወጡት፣ በ1983 ደግሞ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር 802.3 በሚል ቁጥር ባጸደቀው መስፈርት ፍጥነቱ ወደ 10 ሜጋቢት ከፍ አለ። የገመዱ ርዝመት ከ500 ሜትር እንዳይበልጥ የተወሰነ ሲሆን፣ በየ2.5 ሜትሩ ምልክት ተደርጎበት ኮምፒውተር የሚጣበቀው በምልክቱ ላይ ብቻ ነበር፤ ቴክኒሻኑ የገመዱን ልባስ በስቶ መሐሉን የሚነካ መርፌ ያለው መቆንጠጫ ያስርበታል። ወፍራሙ ገመድ ውድና ለመታጠፍ የማይመች በመሆኑ ተከትሎት የመጣው ቀጭን ገመድ እስከ 185 ሜትር የሚደርስና ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየተቀጠለ የሚሄድ ሆነ፤ ዋጋው ቀነሰ፣ ጣጣው ግን በዛ። ከተቀጣጠሉት ሰዎች አንዱ ጠረጴዛውን ሲያንቀሳቅስ መጋጠሚያው ቢላቀቅ ወይም በገመዱ ጫፍ የሚሰካው መዝጊያ ቢወድቅ፣ በዚያ ገመድ ላይ ያሉት ሁሉ ይቆማሉ፤ የተላቀቀውን መጋጠሚያ ለማግኘትም ክፍል በክፍል ከመዞር በቀር ሌላ ዘዴ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ማዕከል ይበላሻል ተብሎ የተሸሸው አደጋ በገመዱ ርዝመት ሁሉ ተበተነ እንጂ አልጠፋም።

ሕንፃዎች ግን አስቀድሞ የተዘጋጀ መፍትሔ በግድግዳቸው ውስጥ ነበራቸው። ከየቢሮው ተነስቶ በየፎቁ ወዳለ ጠባብ ክፍል የሚሄደው የስልክ ሽቦ የኒው ሄቨኑን ቅርጽ ይዞ ስለቆየ፣ በ1985 ከዜሮክስ የምርምር ማዕከል በወጡ ሰዎች የተመሠረተው ሲኖፕቲክስ ኢተርኔትን በ1987 በጥምዝ የስልክ ሽቦ ላይ አስኬደው፤ በ1990 ደግሞ ተመሳሳይ አሠራር በመስፈርት ደረጃ ጸደቀ። ከእያንዳንዱ ኮምፒውተር የተነሳው ገመድ ከ100 ሜትር ሳይበልጥ በጠባቡ ክፍል ውስጥ ሀብ ከሚባል ሳጥን ይገባል፤ አንድ ገመድ ቢበላሽ የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ ነው። በ1991 በአሜሪካ የወጣው የንግድ ሕንፃዎች የገመድ መስፈርት ይህን ርቀት በሁለት ከፍሎ፣ እስከ 90 ሜትር ያለውን በግድግዳ ውስጥ ለሚቀረው ቋሚ ገመድ፣ የቀረውን 10 ሜትር በሁለቱም ጫፍ ለሚሰኩት አጫጭር ገመዶች ደለደለ፤ የስልኩ ፍሬም ሐሳብ በዚህ መልኩ ተመለሰ። በ1993 ደግሞ ገመዶች፣ መሰኪያዎችና ክፍሎች እንዴት ስያሜ እንደሚሰጣቸውና እንዴት እንደሚመዘገቡ የሚደነግግ ሌላ መስፈርት ተከተለ።

የገመድ ሠራተኛው ሙያም በእነዚህ ዓመታት ጥብቅ ሆነ። ፍጥነቱ ሲጨምር የጥንዶቹ ጥምዝ እስከ መሰኪያው ድረስ መጠበቅ ስለነበረበት፣ ለ100 ሜጋቢት በተዘጋጀው ገመድ ላይ ጫፉ ሲገጠም ከ13 ሚሊሜትር በላይ መፍታት አይፈቀድም ነበር። ገመዱ ከዲያሜትሩ አራት እጥፍ ባነሰ ክብ እንዲታጠፍም አይመከርም፤ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠብቆ የታሰረ ጥቅል ለዓይን ያማረ ቢመስልም የጥንዶቹን ቅርጽ አዛብቶ ምልክቱን ስለሚያደክም፣ ጥንቁቅ ባለሙያዎች ላላ ብሎ በሚያዝና ተፈትቶ በሚታሰር የጨርቅ ማሰሪያ ተኩት። ውበትና ጥራት እዚህ ላይ ሁልጊዜ አይገጥሙም።

ይህ ሁሉ ገመዱን አደራጀ እንጂ የሁለተኛውን ገመድ ጥያቄ አልነካውም። ጥያቄው በግልጽ የተነሳው ብሪጅ የሚባሉት መሣሪያዎች ሁለት የኢተርኔት ገመዶችን ማገናኘት ሲጀምሩ ነው። ብሪጅ በኢተርኔት የሚሄደውን እሽግ፣ ማለትም የላኪና የተቀባይ አድራሻ የተለጠፈበትን ቁራጭ መረጃ፣ እየተመለከተ የትኛው አድራሻ በየትኛው ፖርት በኩል እንዳለ በራሱ ይማራል፤ ያላወቀውን አድራሻና ለሁሉም የተላከውን እሽግ ግን በሁሉም ፖርቶች ያሰራጫል። አሁን በሁለት ብሪጆች መካከል ሁለት ገመዶች ቢኖሩ፣ ለሁሉም የተላከ አንድ እሽግ በአንደኛው ሄዶ በሁለተኛው ይመለሳል፣ እንደገናም ይሰራጫል። የኢተርኔት እሽግ ስንት ጊዜ እንደተላለፈ የሚቆጥር ምልክት ስለሌለው ዙሩ ማብቂያ የለውም፤ መንገዱ ከሁለት በላይ ሲሆን ቅጂዎቹ እየተባዙ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መረቡን ሁሉ ይሞሉታል። አደጋን ለመከላከል የተጨመረው ገመድ ራሱ የአደጋው ምንጭ ሆነ።

በዲጂታል ኩባንያ ትሠራ የነበረችው ራዲያ ፐርልማን በ1985 ያቀረበችው ስፓኒንግ ትሪ የተባለ ዘዴ ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው። ብሪጆቹ አጫጭር መልእክቶችን እየተለዋወጡ ከመካከላቸው የመለያ ቁጥሩ ከሁሉ ያነሰውን ሥር አድርገው ይመርጣሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ወደ ሥሩ የሚያደርሰውን አጭር መንገድ ይዞ ቀለበት የሚፈጥሩትን ሌሎች መንገዶች ይዘጋል። የተዘጋው ገመድ እንደተሰካ ይቆያል፣ ዋናው ሲበጠስ ብቻ ይከፈታል። ዘዴው የትኛውም ብሪጅ የመረቡን ሙሉ ካርታ ሳያውቅ የሚሠራ መሆኑ ዛሬም የሚደነቅ ሲሆን በ1990 802.1ዲ ተብሎ በመስፈርት ጸደቀ። ሆኖም ሁለት ዋጋ ያስከፍላል፤ በአንድ በኩል ድርጅቱ ገንዘብ አውጥቶ ከዘረጋቸው ገመዶች ግማሹ ተኝተው ይውላሉ፣ በሌላ በኩል የመጀመሪያው መስፈርት የተዘጋውን ገመድ ለመክፈት ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይወስድበት ነበር። አስተዳዳሪው በእጁ ካልወሰነ ደግሞ አነስተኛ ቁጥር የያዘው በብዙ አጋጣሚ የቆየ መሣሪያ በመሆኑ፣ ከመረቡ ሁሉ ደካማው ስዊች ሥር ሆኖ ሊመረጥ ይችላል።

በ1990 ካልፓና የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ሰባት ፖርት ያለው መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። በሥራው ብሪጅ የነበረው ይህ መሣሪያ እሽጉ ሙሉ በሙሉ እስኪገባ ሳይጠብቅ አድራሻውን ብቻ አንብቦ ያስተላልፍ ነበር፣ ፖርቶቹም ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ጊዜ መነጋገር ቻሉ፤ የኢተርኔት ስዊች ዘመን በዚህ ተከፈተ። ካልፓና በ1994 የመረብ መሣሪያ አምራች በሆነው በሲስኮ ከመገዛቱ በፊት ሌላ ሐሳብም አስተዋውቆ ነበር፤ በሁለት ስዊቾች መካከል የተዘረጉ ብዙ ገመዶች እንደ አንድ ወፍራም ገመድ ቢቆጠሩ ስፓኒንግ ትሪ አንድ መንገድ ብቻ ስለሚያይ አይዘጋቸውም። ገመዶቹን በአንድ የማሰሩ ዘዴ በ2000 በመስፈርት ሲጸድቅ ሁለተኛው ገመድ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ ወደ ሥራ ገባ። ጥቅሉ ግን የሚያገናኘው ሁለት ስዊቾችን ብቻ ስለሆነ አንዱ ስዊች ራሱ ሲበላሽ አይረዳም።

ፍጥነቱ በእነዚህ ዓመታት ከ10 ወደ 100 ሜጋቢት በ1995፣ በመዳብ ገመድ ላይ ወደ 1 ጊጋቢት በ1999፣ ወደ 10 ጊጋቢት ደግሞ በ2002 ተመነደገ። በዚያው መጠን በስዊቾች መካከል ያለው ግንኙነት ወደ ፋይበር፣ ማለትም ብርሃን ወደሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ክር፣ ተሸጋገረ፤ በ1966 ቻርልስ ካኦ የሚቻል መሆኑን ያሳየውና በ1970 በኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች የተሠራው ይህ ክር ከመዳብ ቀጭን፣ ለኤሌክትሪክ ረብሻም የማይበገር ነው።

የስፓኒንግ ትሪ ወሰን በአደባባይ የታየው በኅዳር 2002 በቦስተን በቤተ እስራኤል ዲከነስ የሕክምና ማዕከል ነው። የሆስፒታሉ መረብ ሁለት ሆስፒታሎች ከተዋሃዱበት ከ1996 በፊትም በኋላም ስዊች በስዊች ላይ እየተቀጠለ ያደገ በመሆኑ፣ የራጅና መሰል ምስሎችን የሚያስተላልፈው ክፍል ከመረቡ እምብርት አሥር ስዊቾች ርቆ ነበር፤ ዘዴው ግን ከሰባት በላይ እንዳይሆን ተብሎ የተቀመረ ነው። አንድ ተመራማሪ የተጠቀመበት ፕሮግራም ከፍተኛ መረጃ ወደ መረቡ ባፈሰሰ ጊዜ ስዊቾቹ የመቆጣጠሪያ መልእክታቸውን በጊዜው መለዋወጥ አቃታቸው፤ መልእክቱ የተቋረጠበት ስዊች ዋናው መንገድ የተበጠሰ መስሎት የተዘጋውን ገመድ ከፈተ፣ ቀለበቱም ተፈጠረ። ሐኪሞችና ነርሶች ለቀናት ወደ ወረቀት ተመለሱ፣ የምርመራ ውጤት በእጅ እየተጻፈ በሰው እጅ ይደርስ ነበር። የሆስፒታሉ ኃላፊዎች የደረሰውን ሳይደብቁ ለሙያ አጋሮቻቸው በይፋ መግለጻቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለመረብ ባለሙያዎች ትምህርት ሆኖ የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

በ2003 ሲስኮ ባቀረበው አሠራር እስከ ዘጠኝ የሚደርሱ ስዊቾች በጀርባቸው በልዩ አጭር ገመድ ቀለበት ሠርተው እንደ አንድ ስዊች መታዘዝ ቻሉ፤ ቀለበት በዚህ ቦታ ሆን ተብሎ የተሠራ መጠባበቂያ ነው። ተከትለው የመጡት ሌሎች ዘዴዎችም ሁለት ትልልቅ ስዊቾች ለታችኞቹ እንደ አንድ ሆነው እንዲታዩ አድርገው የታሰረው ጥቅል ለሁለቱ እንዲከፈል ፈቀዱ። እነዚህ ሁሉ ለቢሮና ለመካከለኛ ዳታ ሴንተር የሚበቁ ሲሆኑ፣ ትልልቆቹ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ግን በዚያው ጊዜ ከሌላ ግድግዳ ጋር ተጋጭተው ነበር።

በዚህ መካከል የሕንፃው ውስጥ ሥርዓትም ተለውጧል። ራኮች ፊት ለፊት እየተያዩ ቀዝቃዛው አየር በአንዱ መተላለፊያ እንዲገባና የሞቀው በሌላው እንዲወጣ መደረግ ሲጀምር፣ ከሰርቨሮቹ ጀርባ ተንጠልጥሎ የሚያግድ ገመድ የሙቀት ጉዳይ ሆነ፤ ገመዶች ከወለል ሥር ወጥተው ከራኮቹ በላይ በተሰቀሉ ትሪዎች ላይ መሄድ ያዙ። የተተዉ አሮጌ ገመዶች ልባሳቸው ለእሳት መቀጣጠል አደገኛ በመሆኑ የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ በ2002 ሊደረስባቸው የሚችሉት እንዲነሱ አዘዘ። በአንድ ራክ ውስጥ 40 ገደማ ሰርቨሮች መግጠም ሲቻል ደግሞ የ40ዎቹን ገመዶች ወደ ረድፉ መጨረሻ ከመሳብ ይልቅ በእያንዳንዱ ራክ አናት ላይ አንድ ስዊች ማስቀመጥ ቀለለ፤ የሰርቨሩ ገመድ ጥቂት ሜትር ሆኖ ቀረ፣ ከራኩ የሚወጣውም ጥቂት ፋይበር ብቻ ሆነ።

ግድግዳው ከራኩ በላይ ነበር። ጉግል በኋላ ባሳተመው ዘገባ እንደተገለጸው በ2004 የነበረው አሠራር የራክ አናት ስዊቾችን ሁሉ ከአራት ትልልቅ ስዊቾች ጋር ያገናኝ ነበር፤ አንድ ራክ ወደ ውጭ የነበረው አቅም 4 ጊጋቢት ብቻ ስለነበር እያንዳንዳቸው 1 ጊጋቢት ፖርት ያላቸው 40 ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ከራካቸው ውጭ ቢነጋገሩ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 100 ሜጋቢት ነው። የሚበልጥ ስዊች በገበያ ላይ በማንኛውም ዋጋ አልተገኘም። መሐንዲሶቹ በ2005 ወደ ክሎስ ሐሳብ ተመልሰው ከርካሽ የስዊች ቺፖች መረብ ለመገንባት ሲነሱ የመጀመሪያው ሙከራ ቺፖቹን በሰርቨሮች ውስጥ ስላስቀመጠ ሰርቨር በተነሳና በወደቀ ቁጥር መረቡም ይናወጥ ነበር፤ ወደ ሥራም ሳይገባ ቀረ። ቺፖቹ በራሳቸው ሳጥን የተቀመጡበት ተከታዩ ንድፍ ሥራ ላይ ሲውል ያስቸገረው ገመዱ ነበር፤ የመዳቡ ገመድ ከ14 ሜትር በላይ መሄድ ስለማይችልና ጥቅሉ ከባድ ስለነበር፣ በሁለቱ ጫፎቹ የኤሌክትሪክ ምልክትን ወደ ብርሃን የሚለውጥ እስከ 100 ሜትር የሚዘልቅ ቀጭን ገመድ ለራሳቸው አሠሩ። አዲሱን መረብ ብቻውን ማመን ስለፈሩም ከአሮጌው ጎን ለጎን ዘረጉት።

ከሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መሐመድ አል ፋሬስ፣ አሌክሳንደር ሉኪሳስና አሚን ቫህዳት በ2008 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ መንገድ በአደባባይ አወጣው። እንደ ስሌታቸው 48 ፖርት ያላቸው ተራ ስዊቾች ብቻ በሦስት ደረጃ ተሳስረው 27,648 ሰርቨሮችን ያለ መጨናነቅ ሊያገናኙ ይችላሉ፤ የሚያስፈልጉት ስዊቾች 2,880 ሲሆኑ በስዊቾች መካከል ብቻ የሚዘረጉት ገመዶች 55,296 ይደርሳሉ። ጸሐፊዎቹ የገመዱ ብዛት የንድፋቸው ደካማ ጎን መሆኑን አልሸሸጉም፤ የአንድ ክፍል ስዊቾች በአንድ ቦታ ተሰብስበው የውስጥ ገመዶቻቸው አጭርና የታሸጉ እንዲሆኑም ሐሳብ አቅርበዋል። በብዙ ዳታ ሴንተሮች የተለመደው ሁለት ደረጃ ያለው ንድፍ የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው፤ በታች ያለው እያንዳንዱ ስዊች ከላይ ካለው ከእያንዳንዱ ስዊች ጋር አንድ ገመድ ይኖረዋል፣ እንደ ድርና ማግ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይሻገራል፣ በአንድ ደረጃ ላይ ያሉት ግን እርስ በርሳቸው አይገናኙም።

ይህ ንድፍ በስፓኒንግ ትሪ ቢመራ ኖሮ ከአንዱ በቀር ሁሉም መንገዶች በተዘጉ ነበር። ስለዚህ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እያንዳንዱን ስዊች ራውተር አደረጉት፤ ራውተር እሽጎችን የሚያስተላልፈው በሰሌዳ በያዘው የመንገድ ዝርዝር ነው፣ በኢንተርኔት እሽግ ላይ ያለው ቆጣሪም እሽጉ በተላለፈ ቁጥር ስለሚቀንስ ዙር ቢፈጠር እንኳ እሽጉ ይጣላል እንጂ አይባዛም። ርቀታቸው እኩል የሆኑ መንገዶች ሲገኙም ትራፊኩ በሁሉም ላይ ይከፋፈላል። በነሐሴ 2016 የወጣ የኢንተርኔት ሰነድ፣ ቢጂፒ የተባለውና ቀድሞ በአገሮችና በኩባንያዎች መካከል ያሉ መረቦችን ለማገናኘት የተፈጠረው ፕሮቶኮል በአንድ ሕንፃ ውስጥ ላሉ ስዊቾች እንዴት እንደሚያገለግል ዘርዝሯል። ከአራት የላይ ስዊቾች አንዱ ሲወድቅ የሚጠፋው ከአቅሙ ሩብ ያህሉ ነው፤ ቴክኒሻኑም ሥራ ሳያቋርጥ በቀን ሊቀይረው ይችላል።

የገመዱን ሠራተኛ ሸክም ግን ይህ አላቀለለም። ቀድሞ ሁለት ወፋፍራም ገመዶች ከነበሩበት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲዘረጉ አንዱ በስህተት ከሌላ ፖርት ቢሰካ መረቡ አይቆምም፤ አንድ መንገድ ጎድሎት እያዘገመ ይቀጥላል፣ እንዲህ ያለው ስህተት ደግሞ ለማግኘት ከሚቆመው ይልቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ስዊቾቹ ራሳቸው በእያንዳንዱ ገመድ ጫፍ ማን እንዳለ ለጎረቤታቸው እየነገሩ፣ የተሰካው ከታቀደው ጋር በፕሮግራም መመሳከር ተለመደ። ፋይበሮች አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሆነው በአንድ መሰኪያ የሚገቡ ሆኑ፤ ጉግልም ብዙ ክሮች ከፋብሪካ ተጠቅልለው ተለክተው እንዲመጡ ማድረግ የጀመረው የመትከያውን ጊዜና ወጪ ለመቀነስ ነው። ከ2012 ወዲህ የዘረጋው ጁፒተር የተባለ መረብ በሰከንድ 1.3 ፔታቢት፣ ማለትም 1,300,000 ጊጋቢት፣ የማስተላለፍ አቅም ሲኖረው፣ ፌስቡክም በ2014 በአዮዋ ግዛት በአልቱና በከፈተው ዳታ ሴንተር 48 ራኮችን አንድ ክፍል አድርጎ ክፍሎቹን በተመሳሳይ ንድፍ አያያዘ።

በ2022 ጉግል ያሳተመው ዘገባ ከክሎስ ንድፍ አንድ ደረጃ መነሳቱን ገለጸ። በላይኛው ደረጃ የነበሩት ስዊቾች ጥቃቅን ተንቀሳቃሽ መስተዋቶች ባሉዋቸው ሳጥኖች ተተኩ፤ በአንዱ ፋይበር የገባው ብርሃን በመስተዋቱ ላይ ነጥሮ በሌላው ይወጣል፣ የትኛው ፋይበር ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝም በመስተዋቶቹ አቅጣጫ ይወሰናል። ብርሃኑ ወደ ኤሌክትሪክ ስለማይለወጥ ሳጥኑ መረጃው በምን ፍጥነት እንደሚሄድ አያውቅም፣ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥርም አይቀየርም። ኩባንያው በዚህና በተያያዙ ለውጦች የኃይል ፍጆታውን በ41 በመቶ፣ የግንባታ ወጪውን በ30 በመቶ መቀነሱን አስታውቋል። ተንቀሳቃሹ ሽቦ በሰው እጅ ከሚነቀልበት የስልክ ፍሬም ወዲህ አጭሩን ገመድ ራሱን ሶፍትዌር የሚያንቀሳቅሰው ሆነ ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ በመጋቢት 2024 የቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ ያስተዋወቀው 72 ፕሮሰሰሮች በአንድ ራክ የተገጠሙበት ማሽን ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዷል። ፕሮሰሰሮቹን በራኩ ውስጥ ካሉት ስዊቾች ጋር የሚያገናኙት ከ5,000 በላይ የመዳብ ገመዶች ሲሆኑ አጠቃላይ ርዝመታቸው ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ሁሉም በፋብሪካ ተገጣጥመው በራኩ ጀርባ በአንድ ጥቅል ተዘግተው ስለሚመጡ በቦታው የሚሰካ ገመድ የለም። ኩባንያው መዳብን የመረጠበትን ምክንያት ሲያስረዳ ግንኙነቱ በፋይበር ቢሆን ኖሮ ኤሌክትሪኩን ወደ ብርሃን ለመለወጥ ብቻ ለአንድ ራክ 20 ኪሎዋት ይፈጅ እንደነበር ገልጿል። ከራኩ ወደ ራክ የሚሄደው ግንኙነት ግን ርቀቱ ለመዳብ ስለሚበዛ አሁንም በፋይበር ነው።